የጎመን ምንቸት ስለ ምን ይውጣ?

ክረምቱ አልፎ አዲሱ ዓመት ሲገባ፥ በአንዳንዱ አገር በእንቁጣጣሽ በአንዳንዱም በመስቀል፥ ችቦ የያዘ ሰው የቤቱን ምሰሶና መቃን መታ መታ እያደረገ፥ የጎመኑ ምንቸት እንዲወጣ የገንፎውም ምንቸት እንዲገባ የሚያዝበት ልማድ እንዳለ ከገጠር የመጣን ሁሉ እናውቃለን። ነገሩ ለልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ለቤቱ ባለቤቶች ግን ጨዋታ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትበት ወራት ነው። አዝመራው ገና በማሳ ላይ ስለ ሆነ ብዙ ቤተ ሰብ የሚያድረው ከጓሮ በተቀነጠሰ ጎመን ነው። መስከረም ጠብቶ እሸት ሲደርስ ያ ሁሉ ይረሳል። እንግዲህ በችቦ የሚባረረው ራብ ነው። ጎመንም በዚያ ክፉ ወራት ከራብ ጋር በአንድ ቤት በመገኘቱ አብሮ ይባረራል፤ ሰውን በሕይወት ያቆየው እርሱ መሆኑን የሚያስታውስለት የለም።

ይህን የማነሣው የአገር ልማድ ለመተረክ ወይም ለመንቀፍ አይደለም። ያችን ችቦ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመስከረም እስከ መስከረም ሳናጠፋት ይዘናት የምንዞር መሆናችንን ባለፈው ዓመት በገዛ ቤቴ ስላየሁ ነው።

እኔና ሦስት ጓደኞቼ ከካፌው ወጥተን፥ ለምግብ የሚሰጠንን ገንዘብ እያዋጣን፥ ከግቢው አጥር ውጭ በተከራየነው አንድ ክፍል በየተራ እያበሰልን መኖር ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። አንድ ማክሰኞ ተራው የእኔ ነበረና ጎመን ሠራሁ። ጾም አልነበረም። እንጀራውን ዘርግተን ልንቀመጥ ስንል በሩ ተንኳኳ፤ ከክፍላችን ተማሪዎች ሁለቱ፥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፥ ማስታወሻ ሊዋሱ መጥተው ኖሯል። ከመካከላችን አንዱ፥ ስሙን አልጽፍም፥ በፈተና ቀን እንኳ ታይቶበት የማያውቅ ፍጥነት አሳይቶ ድስቱን ከነክዳኑ አልጋ ሥር ወሸቀው። እንጀራውም በጋዜጣ ተሸፈነ። «ምሳ በላችሁ?» ሲሉን «አሁን ገና ጨረስን» አልን። እንግዶቹም ተቀመጡ። ስለ ፈተና፥ ስለ አስተማሪዎች፥ ስለ ኳስ ተወራ። የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ከአልጋው ሥር እየወጣ ሲመሰክርብን ቆየ። ተነሥተው ሲሄዱ ጎመኑ ቀዝቅዞ ነበር፤ ቀዝቃዛውን በላነው።

በነጋታው ረቡዕ ነበረ። ከዚያው ከማክሰኞው የተረፈውን ጎመን አሙቀን ስንበላ ደግሞ ሌላ እንግዳ መጣ። ትናንት ድስቱን የደበቀው ሰው ዛሬ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ና ብላ፥ የጾም ነው» በማለት እንግዳውን እጁን ይዞ አስቀመጠው። ጎመኑ ያው ጎመን ነው፤ ድስቱም ያው ድስት። የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። ማክሰኞ ጎመን የበላ ሰው ድኻ ይባላል፤ ረቡዕ የበላ ግን ጿሚ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ልብ ብዬ ስመለከተው፥ አትክልት በእኛ ዘንድ ለመበላት ሁል ጊዜ የይለፍ ወረቀት የሚጠየቅ ሆኖ አገኘሁት። ወይ ጾም መሆን አለበት፥ ወይ ሐኪም ማዘዝ አለበት፥ ወይ ገንዘብ ማለቅ አለበት። ጣፍጦን በላነው የሚል ሰው አልሰማሁም። «ጎመን በጤና» ስንል እንኳ ጎመንን ያመሰገንን ይመስለናል። ያመሰገንነው ጤናን ነው፤ ጎመን እዚያ አባባል ውስጥ የገባው ከምግብ ሁሉ ያነሰ ነው ተብሎ ነው።

ጾምን የምነቅፍ የሚመስለው አንባቢ ካለ ነገሩ ግልባጩ ነው። ረቡዕና ዓርብን፥ የ55 ቀኑን ሁዳዴና ሌሎቹን አጽዋማት አንድ ላይ ቢቆጥሩ፥ እንደ ጿሚው ጽናት በዓመት ከ180 እስከ 250 ቀን ይደርሳሉ። ይህን ያህል ቀን ያለ ሥጋ፥ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ቤተ ሰብን ማብላት የነበረባቸው እናቶቻችን ከሽንብራና ከምስር፥ ከተልባና ከሱፍ፥ ከጎመንና ከዱባ የሠሩትን ጥበብ በየትኛውም አገር ማቅረብ ያኰራል። ዛሬ በዋሽንግተን የሐበሻ ምግብ ቤት ገብቶ ሳይጾም በያይነቱ የሚያዝ ፈረንጅ ብርቅ አይደለም። የአገራችንን ጎመን እዚያ ያጡ ወገኖቻችንም ኮላርድ በሚባለው በአሜሪካው ጎመን ይሠሩታል። እኛ ግን ይህን ሁሉ ጥበብ የፋሲካ ለት እንደ እስራት ፍቺ ከላያችን አውልቀን እንጥላለን።

ነገሩ ሳቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጽሔታችንን ወረቀትና ቀለም አላባክንበትም ነበር።

ባለፈው ክረምት፥ ሐምሌ ላይ፥ ለዕረፍት ወደ አገሬ ሄድሁ። የደረስሁት እሑድ ማታ ነው፤ ለእራት ዶሮ ቀረበልኝ። ሰኞ ሥጋ ወጥ ተሠራ። ከቤታችን ጀርባ ግን የእናቴ ጎመን ዝናቡን ጠጥቶ ለምለም ሆኖ ቆሟል። በሐምሌ ወር ዶሮና ሥጋ በተከታታይ መቅረቡ ስላልገባኝ ማክሰኞ ታናሽ እኅቴን ለብቻዋ ጠየቅኋት። አንገቷን አቀርቅራ፥ እናታችን ገንዘቡን ከጎረቤት እንደ ተበደረች ነገረችኝ። «ስለ ምን?» ብላት «ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጎመን በላ እንዳይባል ነዋ፥ ወንድም ጋሼ» አለች። እነርሱ እኔ ከተኛሁ በኋላ ማጀት ውስጥ ጎመን እየበሉ ያድሩ ነበር።

እናቴን ይህን ያስተማራት ማን ነው? ጎረቤት ነው እንዳልል፥ እኔ ራሴ መሆኔን አውቃለሁ። በአንደኛው ዓመት ለዕረፍት በሄድሁ ጊዜ የቀረበልኝን ጎመን በጣቴ ገፋ አድርጌ «ከተማ እኮ እንዲህ አይበላም» ብዬ ነበር። የተናገርሁት ሐሰት ነበር፤ ከተማ የበላሁት የካፌ ምስር ነበር። እኔ ያን ቃል ወዲያው ረሳሁት። እናቴ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በልቧ ይዛው ቆይታ በብድር ከፈለችው። ከእኛ መካከል ወደየአገሩ ሲሄድ የሚታረድለት፥ የታረደውም ከየት እንደ መጣ ጠይቆ የማያውቅ ብዙ ሰው እንዳለ እገምታለሁ። እስቲ ታናናሾቻችሁን ለብቻቸው ጠይቁ።

ንቀቱ ደግሞ የአገሪቱ ሁሉ አይደለም። ከአራታችን አንዱ የጉራጌ ልጅ ነው፤ የድስቱን መደበቅ አይቶ ለብዙ ቀን ሲስቅብን ከረመ። በእርሱ አገር በመስቀል ሰሞን ከሥጋው ክትፎ ጎን የጎመን ክትፎ በቅቤና በአይብ በክብር ይቀርባል። በእኛ አገር በመስቀል በችቦ የሚባረረው ያው ጎመን በእርሱ አገር በመስቀል ቅቤ ይቀባል ማለት ነው። በወለጋም አንጮቴ የሚባለው ሥር ለተከበረ እንግዳና ለበዓል የሚቀርብ ምግብ ነው። በኮንሶና በጋሞ ደግሞ ሽፈራው የሚባለው ዛፍ በየደጁ ይተከላል፤ ቅጠሉም ከእህል ተድቦልቡሎ ከሚሠራው ኩርኩፋ ጋር የዘወትር ምግብ ነው። የሽፈራውን ዱቄት በከተማ መደብር በትንሽ በትንሹ ታሽጎ እንደ መድኀኒት ሲሸጥ እናያለን። የኮንሶ ሰው ግን እንደ ምግብ ጠግቦት ይኖራል።

ስለ ጎመኑ ዘርም አንድ ነገር ልጨምር። ሳይንቲስቶች ብራሲካ ካሪናታ የሚሉት የሐበሻ ጎመን፥ ከሰናፍጭ ወገንና ከጥቅል ጎመን ወገን በተፈጥሮ ተዳቅሎ የተገኘ፥ አገሩም ይኸው የእኛ ደጋ የሆነ ተክል ነው። ድንች ወደዚህ አገር የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሺምፐር በሚባል የጀርመን የዕፀዋት ተመራማሪ አማካይነት ነው ይባላል። ቲማቲምና በርበሬም ትውልዳቸው ከአሜሪካ ምድር ነው። መጤዎቹን እንዲህ አክብረን ተቀብለን ባለአገሩን አልጋ ሥር መክተታችን የሚገርም ነው።

እስከዚህ ድረስ ያልሁት ሁሉ ግን ጎመኑ መጥፎ ሆኖ ከተሠራ ዋጋ የለውም፤ ብዙ ጊዜም መጥፎ ሆኖ ይሠራል። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል። ጥፋቱ ሁለት ነው፤ ውኃና ሰዓት። በትልቅ ድስት ውኃ ሞልተው ጎመኑን ጠዋት ይጥዱትና እስከ ቀትር ይቀቅሉታል፤ ከዚያ ጨምቀው ውኃውን ይደፉታል። ቫይታሚን ሲ እሳት ሲበዛበት የሚጠፋ፥ በውኃም የሚሟሟ ነገር ስለ ሆነ፥ የተደፋው ውኃ የጎመኑን ደኅና ነገር ይዞት ይሄዳል። የቀረው ቀለሙ እንደ አሮጌ ካፖርት የሆነው ነገር ደግሞ ጣዕም እንዲያገኝ ተብሎ በዘይት ይሰጥማል። ይህን የበላ ልጅ አትክልት ቢጠላ አልፈርድበትም።

በእኛ ክፍል አሁን የሚሠራው እንዲህ ነው። ጎመኑ ሳይከተፍ በቅጠሉ ይታጠባል። ወፍራሙ አገዳ ተለይቶ በደቃቁ ይቆራረጣል፤ ቅጠሉ ተጠቅልሎ በቀጭኑ ይከተፋል። ሽንኩርት በጥቂት ዘይት ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ። ቀጥሎ አገዳው፥ ከአፍታ በኋላም ቅጠሉ ከአንድ የቡና ሲኒ በማይበልጥ ውኃ ይገባና ድስቱ ይከደናል። ሩብ ሰዓት ያህል በቂው ነው፤ ቅጠሉ ጠና ያለ ከሆነ ጥቂት ይጨመርለታል። ጨውና የተሰነጠቀ ቃሪያ መጨረሻ ላይ ይገባሉ። ሲወርድ አረንጓዴ እንደ ሆነ ነው፤ ሲያኝኩትም ጎመን መሆኑ ይታወቃል። ዘይቱ ጥቂት ይሁን እንጂ ጨርሶ አይቅር፤ ሰውነት በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠውን ነገር በደንብ የሚወስደው ከቅባት ጋር ሲሆን ነው። ሲበላ ሎሚ ጠብ ይደረግበታል። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በጎመኑና በእንጀራው ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ስለሚያግዱ፥ ቡናችንን ምግቡ ጥቂት ካረፈ በኋላ እንጠጣለን። ቡናውን ተዉ ማለት አልደፍርም።

የጎመኑን ክትፎ ያስተማረን የጉራጌው ጓደኛችን ነው። ጎመኑ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይቀቀልና ይጨመቃል፤ ከዚያ በመክተፊያ ላይ እስኪደቅ ድረስ ይከተፋል። እዚህ ላይ ክንድ ያስፈልጋል፤ ጓደኛችን የእኛን አከታተፍ አይቶ «ይህ ሰላጣ ነው» እያለ ሦስት ጊዜ አስደገመን። የተነጠረ ቅቤ ሞቅ ተደርጎ ከሚጥሚጣና ከኮረሪማ ጋር ይለወሳል፤ አይቡ ወይ አብሮ ይደባለቃል ወይ በጎን ይቀመጣል። ቆጮ ከተገኘ በቆጮ ነው፤ ካልተገኘ እንጀራም ይሆናል። የተጨመቀውን ውኃ አንደፋውም፤ የማታውን ሽሮ እንበጠብጥበታለን። ይህን ክትፎ ለመጀመሪያ ጊዜ በሠራንበት ቀን ድስቱን ደባቂው ጓደኛችን ሁለት እንጀራ በላ፤ ጾም አልነበረም።

ለተማሪ ኪስ ግን ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ሽሮው ነው። ካፌ ቀረን ያልን ሁሉ ኑሯችን ሽሮ ላይ ነው፤ ሽሮም የገባበትን ሁሉ የሚቀበል ለጋስ ወጥ ነው። ቆስጣ በደቃቁ ተከትፎ ሊወጣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቢጨመርበት ሽሮው አዲስ ምግብ ይሆናል። ጎመን ከሆነ ቀደም ብሎ ይገባል። ዱባ ወይም ካሮት ተፍቆ ከሽንኩርቱ ጋር ቢቁላላ ወጡን አለስልሶ ጥቂት ጣፋጭነት ይሰጠዋል። ካሮት የጥንቸል ምግብ ነው ብሎ የሚከራከር አንድ የጎረቤት ክፍል ተማሪ ይህን ሽሮ ለወራት ከእኛ ጋር ሲበላ ኖሯል። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ሲያነብ ያውቃል።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ጥቅል ጎመን የራሱ ውኃ ስላለው ውኃ አይጨመርበት፤ ካሮቱና ድንቹ በእርድ ቀድመው ይብሰሉና እርሱ ኋላ ይግባ። ዱባ በበርበሬ ወጥ ሆኖ ሲሠራ ቶሎ ይበስላል፤ ብዙ ካማሰሉት ግን ገንፎ ይሆናል። ቀይ ሥር ከነልጣጩ ይቀቀል፤ ተልጦና ተቆራርጦ ከድንችና ከቃሪያ ጋር በሎሚ ይለወስ። ፎሶሊያ በነጭ ሽንኩርት ጠብሰው ሳይዝል ያውርዱት። መብራት በጠፋ ቀን የደረቀ እንጀራ በቲማቲም፥ በሽንኩርትና በቃሪያ ይፈትፈት፤ ከዚህ ጎን አንድ ስንግ ቃሪያ ቢኖር መብራቱ ለምን ጠፋ ብሎ የሚያማርር አይገኝም።

አንድ ነገር ግን ችላ እንዳትሉ አደራ እላለሁ። አንድ ሳህን ሙሉ ቀይ ሥር ብቻውን ቅጣት ነው። አራት አምስት ዓይነት በትንሽ በትንሹ በአንድ እንጀራ ላይ ሲደረደር ግን፥ አረንጓዴው ከቢጫው ቢጫው ከቀዩ አጠገብ ሆኖ፥ እጅ ሳያስበው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። ስለዚህ እሑድ እሑድ አራታችንም አብረን ሦስት ዓይነት እንሠራለን። ማቀዝቀዣ ስለሌለን ለሁለት ቀን ከሚበቃው አናሳልፍም። አንዱ ይልጣል፥ አንዱ ይከትፋል፥ አንዱ እሳቱን ይጠብቃል፥ አንዱም ሥራ ፈትቶ ትችት ይሰጣል፤ ይህም ተራ አለው። በሳምንት ውስጥ ከዚያ ሰዓት የሚበልጥ ደስታ የለንም።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። አትክልት ሆድ አይዝም ይባላል። ብቻውን አይዝም፤ ምስርና ሽሮ ከጎኑ ካሉ ግን እስከ ማታ ያቆማል። ተወድዷል ይባላል። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚወደዱበት ወራት እንዳለ እውነት ነው፤ ከሥጋ ጋር ግን ማወዳደር ያስቃል። ጎመን ደግሞ ቅጠሉ ሲቀነጠስ ከላይ እየጨመረ የሚያድግ ተክል ነው። በአሮጌ ጆንያ አፈር ሞልተን ከክፍላችን ጀርባ ስምንት ችግኝ ተክለናል። አከራያችን በመጀመሪያ ግቢዬን አቈሸሻችሁ ብለው ተቈጥተው ነበር። አሁን ግን ለወጣቸው ከዚያው ይቀነጥሳሉ፤ ስለ ኪራዩ ቀን መዘግየትም እንደ ድሮው አይጮኹብንም።

ወንድ ልጅ ድስት ሲያማስል መታየቱን እንደ ነውር የሚቈጥሩም አሉ። ለእነርሱ መልስ አልሰጥም። እኅቶቻችን ግን ይህን ጽሑፍ አንብበው ይስቁ ይሆናል፤ እኔ እዚህ እንደ ትልቅ ግኝት የጻፍሁትን እነርሱ ገና በልጅነታቸው ሳይወዱ በግድ ተምረውታልና። ሳቁብን፤ ይገባናል።

ሌላው ስጋት ግን ከባድ ነው፤ የጥሬ አትክልት ንጽሕና። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ዳር በተበከለ ውኃ የሚለሙ አትክልቶች ውስጥ ከባድ ማዕድናት መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ይህ ደግሞ በማጠብም በመቀቀልም የሚጠፋ አይደለም። ስለዚህ ሻጭዋን ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ይገባል፤ ሁል ጊዜ እውነቱን ትነግረናለች ማለት ግን አይደለም። ለጀርሙ ነገር፥ ሰላጣን ጥሬውን ከመብላት በፊት ቅጠል በቅጠል በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ግዴታ ነው። ውኃው በሚጠፋበት ሳምንት እኛ ጥሬ አንበላም። ይህ የተማሪ ብቻ ሳይሆን የከተማ አስተዳደር ሥራም ነው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚያስፈልገው የእርሻ ወይም የኬሚስትሪ ተማሪ ቢጽፍበት ደስ ይለኛል።

ቍጥር ለሚወዱ ደግሞ፥ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። የእኛው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም በ2014 ዓ.ም. ባወጣው የአመጋገብ መመሪያ ልዩ ልዩ አትክልትና ፍራፍሬ እንድንበላ መክሯል። ከ400 ግራሙ ውስጥ ድንች አይቈጠርም፤ ይህን የምጽፈው ሁለት የተቀቀለ ድንች በልቶ አትክልት በላሁ ለሚለው ለክፍሌ ልጅ ነው። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፤ በግራም ተሰብኮ ጎመን የበላ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ወደ እናቴ ልመለስ። ያችን ረቡዕ ጾሙ ሁላችንንም ገላገለን፤ ጎመን ያለ እፍረት ቀረበ። ሐሙስ ጠዋት ማጀት ገባሁና «እማ፥ ዛሬ እኔ ልሥራ» አልኋት። ደንግጣ ተነሣች፤ «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ያን ጥያቄ ስሰማ መልስ አጣሁ። ምንም እንዳላጠፋች፥ ከጓሮዋ ጎመን ከተማ ልጅ ሆኜ የተማርሁትን ምግብ ልሠራላት እንደ ፈለግሁ እየተንተባተብሁ ነገርኋት። ማጀት ውስጥ ወንድ መቆሙ ከብድሩ ይልቅ ያሳፈራት ይመስለኛል። ቢሆንም በሩን ገርበብ አድርጋ መክተፊያውን ሰጠችኝ፤ አካታተፌን አይታም ቢላዋውን ነጠቀችኝ። ከላማችን ወተት የወጣ አይብ ነበረ፤ ለገበያ ካስቀመጠችው ቅቤም ጥቂት ቈነጠርን።

ልንበላ ስንቀመጥ ጎረቤታችን ገባች፤ ያችው ገንዘቡን ያበደረችው ናት። የእናቴ እጅ ወደ መሶቡ ክዳን ሲሄድ አየሁ። የእኛ አልጋ ሥር ትዝ አለኝ። እጇ ክዳኑ ላይ ጥቂት ቆየና ተመለሰ። «ነይ ቅመሺ፥ ልጄ የሠራው ነው» አለች። ጎረቤታችንም ቀመሰች፤ ደግማ ቀመሰችና «ቅቤው በዝቷል» አለች። እናቴ «እኔም ብዬው ነበር» ብላ መለሰች፤ ሁለቱም ተባብረው ስለ ቅቤው ወቀሱኝ።

ዕዳው ገና አላለቀም፤ ከምግብ ገንዘቤ በየወሩ እየቀነስሁ እልካለሁ። ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያለው ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ። ድስቱን አልጋ ሥር የወሸቀው ጓደኛዬ መልስ እያዘጋጀ መሆኑን ሰምቻለሁ። ዛሬ ማታ ግን የማብሰል ተራው የእርሱ ስለ ሆነ፥ ብዕሩን የሚያነሣው ጎመኑን ከትፎ ከጨረሰ በኋላ ነው።